ምዕራፍ ሰባት፦ ብሎን ከብየዳ የሚሻልበት ቦታ

በአንድ ሼድ ውስጥ የሚሠሩ ስድስት ሰዎች አሉ እንበል። ወለሉ 60 ካሬ ሜትር ነው፤ ሥራቸው የብረት በርና መስኮት። መሃል ላይ ከወፍራም ብረት የተበየደ ትልቅ ጠረጴዛ ቆሟል፤ እግሮቹ በሲሚንቶ ተቀብረዋል። የበር ትእዛዝ እስካለ ድረስ ከዚህ የተሻለ ጠረጴዛ አይገኝም። መዶሻ ቢያርፍበት አይነቃነቅም፤ በሩ ተዘርግቶ ይለካበታል፣ ይበየድበታል፣ ይሞረድበታል።

አንድ ቀን 50 የተማሪ ዴስክ የሚፈልግ ደንበኛ ይመጣል። ዴስክ እንደ በር በጀርባው ተዘርግቶ አያልቅም፤ ቆሞ ነው የሚገጣጠመው። ብረቱ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ እንጨት ለብሶ እስኪወጣ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ያ ጠንካራ ጠረጴዛ አሁን መንገድ ዘጋ። ሠራተኛው ብረት ተሸክሞ ዙሪያውን ይዞራል፤ ያለቀው ዴስክ በሩ ላይ ይከመራል፤ ቀለም ቅቡ ወደ ደጅ ይወጣና ዝናብ ሲጥል ይቆማል። ትእዛዙ ከዘገየ በኋላ ሁሉም የሚያነሳው ምክንያት አንድ ነው፦ “ቦታ ጠበበን።”

ቦታው ግን ትናንትም ያው 60 ካሬ ነበር። ሠራተኞቹም ሙያው አላቸው፤ የብየዳ ማሽኑም ይሠራል። የጎደላቸው ቤቱን እንደ ትእዛዙ መልሶ የማደራጀት አቅም ነው። ትንሽ አምራች ከትልቅ ፋብሪካ ጋር በማሽን ብዛት አይፎካከርም፤ በዋጋም ብዙ ጊዜ አይችለውም። የሚበልጠው ፋብሪካው የማይቀበለውን ትንሽና ልዩ ልዩ ትእዛዝ ቶሎ ተቀብሎ ቶሎ በማስረከብ ነው። ይህን ፍጥነት የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ደግሞ ማንም ልብ የማይለው ዕቃ ነው፦ ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው፣ ጋሪው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና ሥራውን ይዞ የሚቆመው ፎርማ። ማሽን ሲገዛ ስንት ቀን ይመከራል፤ ጠረጴዛ ግን ከተራረፈ ብረት ከሰዓት በኋላ ይበየዳል። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ሥራውን የሚመራው እሱ ነው።

ማሽንን ያሰረው ዘንግ

ማሽኖች ዛሬ በቆሙበት ቦታ ለምን እንደቆሙ ለመረዳት ወደ እንፋሎት ዘመን መመለስ ይረዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካ ኃይል የሚያገኘው ከአንድ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር ነበር። ሞተሩ ከጣሪያው ሥር ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ ረጅም የብረት ዘንግ ያሽከረክራል፤ ከዘንጉ ላይ በፑሌጃና በቆዳ ቺንጋ እያንዳንዱ ማሽን ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ ማሽኑ የሚቆመው ሥራው በሚፈልገው ቦታ ሳይሆን ዘንጉ በሚያልፍበት መስመር ነበር። ኃይል በርቀት ስለሚባክን ፋብሪካው ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ፎቅ በፎቅ ይደረደራል። አንድ ዕቃ ከጥሬው እስከ ፍጻሜው ድረስ ስንት ጊዜ ደረጃ እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያስብ አልነበረም፤ ቢያስብም ማሽኑን ማንሳት አይችልም።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚለወጥ ይመስላል። አልተለወጠም። በ1900 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፋብሪካዎች ማሽኖችን ከሚያሽከረክረው ኃይል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ድርሻ ገና 5 በመቶ ገደማ ነበር። ቀድመው የገቡበትም ቢሆኑ ብዙዎቹ የእንፋሎቱን ሞተር አውጥተው በቦታው አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉና ያንኑ አሮጌ ዘንግ አሽከረከሩበት። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ፖል ዴቪድ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ይህን ነጥብ አብራርቷል። ትልቁ የምርታማነት ዕድገት የታየው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ትንሽ ሞተር ካገኘ በኋላ ነው። ያኔ ዘንጉ ወረደ፤ ጣሪያው ለብርሃንና ለማንሻ ክሬን ተለቀቀ፤ ፋብሪካው ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ ማሽኖቹ በሥራው ቅደም ተከተል ተሰለፉ። አዲሱ ኃይል ጥቅሙን የሰጠው ወለሉ ነፃ ሲወጣ ነው።

ይህ ታሪክ የሩቅ ይመስላል እንጂ ወደ አንድ የአዲስ አበባ ሼድ ገብቶ ዙሪያውን ላየ ሰው ዘንጉ አሁንም አለ። ማሽኖቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቆማሉ፤ ምክንያቱም ሶኬቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። መቁረጫው ከመበየጃው የራቀው ሥራው ስላራቀው ሳይሆን ገመዱ ስላልደረሰ ነው። ማራዘሚያ ሲሳብ ደግሞ ወለሉ ላይ ይጋደማል፤ ጋሪ ይሄድበታል፣ ውኃ ይፈስበታል፣ ሰው ይደናቀፍበታል። የሥራ ቦታን ተለዋዋጭ ለማድረግ ከሚወጣው ወጪ ሁሉ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት እዚህ ነው፦ ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መስመሩን በጣሪያው ሥር ወስዶ በየተወሰነ ርቀት ሶኬት ወደ ታች ማውረድ። ባለ 220ውም ሆነ ባለ 380 ቮልቱ መስመር በዚህ መንገድ ሲዘረጋ ከባዱ ማሽን እንኳ ሥራው ወደሚፈልገው ቦታ መጠጋት ይችላል።

የመለወጥ ዋጋ

ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ለመዞር የሚባክነውን ጊዜ ብዙ ባለቤቶች ከወጪ አይቆጥሩትም፤ ደረሰኝ የለውምና። በቁጥር ሲታይ ግን ትልቅ ነው። አንድ ዕቃ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ቤቱን ለዚያ ዕቃ ለማዘጋጀት ደግሞ 4 ሰዓት ይወስዳል እንበል። 8 ዕቃ ቢታዘዝ 4 ሰዓት ዝግጅት፣ 4 ሰዓት ሥራ፤ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሙሉ ሰዓት በላ ማለት ነው። 40 ቢታዘዝ ግን 4 ሰዓት ዝግጅትና 20 ሰዓት ሥራ ስለሚሆን ለአንዱ 36 ደቂቃ ይደርሰዋል። ባለቤቱ ከዚህ ተነስቶ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ትንሽ ትእዛዝ ይመልሳል፣ ወይም 8 ለጠየቀው ደንበኛ 40 ሠርቶ 32ቱን “ገዥ አይጠፋም” ብሎ ያስቀምጣል። የተቀመጠው 32 ደግሞ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ወለሉንም ይበላል። ወለሉ ሲጠብ ቀጣዩ ዝግጅት ከ4 ሰዓት በላይ ይሆናል። እንዲህ እየተባባሰ ይሄዳል።

አሁን ዝግጅቱን ወደ ግማሽ ሰዓት እናውርደው። 8 ዕቃ በ4 ሰዓት ተኩል ያልቃል፤ ለአንዱ የሚደርሰው 34 ደቂቃ ገደማ ነው። 8 ብቻ የሠራው ሰው 40 ከሠራው ጎረቤቱ በርካሽ አመረተ። ማሽን አልቀየረም፤ ሠራተኛም አልጨመረም።

ይህን ስሌት እስከ መጨረሻው የተከተሉት ጃፓኖች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶዮታ የአሜሪካ አምራቾች የነበራቸው ሰፊ ገበያም ሆነ ገንዘብ አልነበረውም፤ ብዙ ዓይነት መኪና በትንሽ በትንሹ ማምረት ነበረበት። ታይቺ ኦኖ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በማሽን ክፍሉ ውስጥ በቀጥታ መስመር የተደረደሩትን ማሽኖች እያነሳ በማዕዘንና በፈረስ ኮቴ ቅርጽ አዞራቸው። መሃል ላይ የቆመ አንድ ሠራተኛ ሁለት፣ በኋላም ሦስትና አራት ማሽን መያዝ ቻለ። ሺጌዎ ሺንጎ ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. በዚያው በቶዮታ የአንድ ሺህ ቶን የብረት መጭመቂያ (ፕሬስ) ቅርጽ ማውጫ ለመለወጥ ይፈጅ የነበረውን 4 ሰዓት መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ወደ 3 ደቂቃ አወረደው። የሺንጎ ብልሃት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ማሽኑ ቆሞ ከሚሠራው ዝግጅት ውስጥ ማሽኑ እየሠራ ሊሠራ የሚችለው የቱ ነው? መሣሪያ ፍለጋው፣ ልኬቱ፣ ብሎን ማሰባሰቡ ሁሉ ቀድሞ ጋሪ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ማሽኑ በቆመበት መሆን ያለበት መፍታትና መግጠም ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን አስተሳሰብ በካይዘን ስም ታውቀዋለች። መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓንን ድጋፍ ከጠየቀ በኋላ በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተካሄደ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። 5ቱ “ማ”ዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በብዙ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ከመካከላቸው ሁለተኛው፣ ማስቀመጥ፣ በመፈክር ብቻ አይሆንም። ዕቃ በቦታው እንዲቀመጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ሥራው ሲለወጥም ቦታው አብሮ መለወጥ አለበት። ግድግዳ ላይ የተበየደ መደርደሪያ የአምናውን ሥራ ዕቃ በሥርዓት ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ለዘንድሮው ግን አይመችም።

ቱቦና ማያያዣ፣ አሉሚኒየምና ቦይ

በዓለም ላይ ለዚህ ሲባል የተሠሩ ሁለት የታወቁ የዕቃ ቤተሰቦች አሉ። የመጀመሪያው ከጃፓን የመጣው የቱቦና ማያያዣ ሥርዓት ነው። ፕላስቲክ የለበሰ፣ ዲያሜትሩ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ የብረት ቱቦና ቱቦን ከቱቦ የሚቆልፍ የብረት ማያያዣ ነው ያለው። ያዛኪ የተባለው ኩባንያ ክሪፎርም በሚል ስም ይሸጠዋል። ሠራተኛው ቱቦውን በልኩ ይቆርጣል፣ ማያያዣውን በአንድ የብሎን መፍቻ ያጠብቃል፤ ጠረጴዛ፣ ጋሪ ወይም ዕቃ በራሱ ክብደት ወደ ፊት እየተንሸራተተ የሚመጣበት ዘንባላ መደርደሪያ ይሆናል። ካልወደደው ከሰዓት ይፈታዋል። መሐንዲስ ንድፍ እስኪያወጣ አይጠበቅም፤ በዕቃው የሚሠራው ሰው ራሱ ነው የሚያስተካክለው። የሥርዓቱ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው።

ሁለተኛው በጀርመን የጎለበተው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በዞሊንገን ከተማ የተመሠረተው አይተም የተባለው ድርጅት በዚህ ይታወቃል፤ ቦሽ ሬክስሮትም የራሱ ዓይነት አለው። ዘንጉ በአራቱም ጎን ርዝመቱን ሙሉ የሚሄድ ቦይ አለው፤ ልዩ ዳዶ በቦዩ ውስጥ ገብቶ በፈለጉት ቦታ ይቆለፋል። ቀዳዳ መብሳት ስለማያስፈልግ ነገሩን ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ለማስጠጋት ብሎኑን ማላላት ብቻ ይበቃል። አሉሚኒየም በክብደቱ የብረት ሲሶ ገደማ ነው፤ አይዝግም። በዚያው መጠን ግን ግትርነቱም የብረት ሲሶ ገደማ ነው፤ ተመሳሳይ ውፍረትና ቅርጽ ያለው ዘንግ በተመሳሳይ ጭነት ሥር ሦስት እጥፍ ያህል ይለምጣል። ለኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ ጥሩ ነው፤ መዶሻ ለሚያርፍበት ሥራ ግን አይመረጥም።

በልብስ ስፌትም ተመሳሳይ መንገድ ተሞክሯል። የቶዮታ ቡድን አባል የሆነው አይሲን ሴይኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው የስፌት ሥርዓት ማሽኖቹ ከፍ ተደርገው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይቆማሉ። ሠራተኞቹ ቆመው እየተንቀሳቀሱ ይሰፋሉ፤ ልብሱ በእስር ተከምሮ ሳይጠብቅ አንድ በአንድ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። አምስት የስፌት ማሽን ያለው ትንሽ ድርጅት ይህን ለመሞከር የሚያስፈልገው የማሽኖቹን እግር ማስረዘምና ፍሬን ያለው ጎማ መግጠም ነው። ቲሸርት ሲታዘዝ ኦቨርሎኩ መጀመሪያ ይሰለፋል፤ የደንብ ልብስ ሲመጣ ቦታውን ለሌላው ይለቃል።

እነዚህን ሥርዓቶች ከነስማቸው አስመጥቶ መግዛት ለአብዛኛው የአገራችን ትንሽ አምራች በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ቅንጦት ነው። ነገር ግን ከውስጣቸው የሚወሰደው ሐሳብ አይከፈልበትም። ሁለቱም የቆሙት በአንድ ስምምነት ላይ ነው፦ ልክ ሁሉ አንድ ይሁን። ቱቦው ሁልጊዜ 28 ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ማያያዣ ማንኛውንም ቱቦ ይይዛል። ተለዋዋጭነት የሚገኘው የማይለወጥ ነገር በመወሰን ነው። ይህን ስምምነት በቱቦላሬና በኮምፔንሳቶ ማድረግ ይቻላል።

በሁለት ዘንግ ቱቦላሬ

አንድ ጠረጴዛ ከዜሮ እንሥራ። ልኩን የሚወስንልን ገበያው ነው። ኮምፔንሳቶ በገበያ የሚገኘው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው፤ በቁመቱም በወርዱም መሃል ለመሃል ሲሰነጠቅ የመጋዙን ብክነት ችሎ አራት 60 በ120 ገበታ ይወጣዋል። ስለዚህ የቤቱ ልክ 60 በ120 ይሁን። አንዱ ከአንዱ ጎን ለጎን ሲገጠም 120 በ120 ካሬ ይሆናል፤ አራቱ አንድ ላይ ሲቆሙ 120 በ240። የብረት በር የሚዘረጋበት ሰፊ ጠረጴዛ ተገኘ ማለት ነው። የዴስክ ትእዛዝ ሲመጣ አራቱ ተለያይተው አራት የመገጣጠሚያ ጣቢያ ይሆናሉ። በቤታችን መሶብ ሲቀርብ ክፍሉ መመገቢያ፣ ሲነሳ ሳሎን እንደሚሆነው ሁሉ ወለሉም ለሚቀጥለው ሥራ ይለቀቃል።

ለአንዱ ጠረጴዛ 40 በ40፣ ግድግዳው 2 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ ይበቃል። ከላይ ገበታውን፣ ከታች መደርደሪያውን ለሚሸከሙ ሁለት ክፈፎች አራት ባለ 120ና አራት ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ፣ ለእግር ደግሞ አራት ባለ 65 ያስፈልጋል። ድምሩ 9.8 ሜትር ነው፤ ከሁለት ባለ 6 ሜትር ዘንግ ተቆርጦ ትርፍ ይቀራል። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ የሚገባ ባለ 30 በ30፣ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለተኛ እግር ይጨመራል፤ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ይበሳና በብሎን ይቆለፋል። እንዲህ የተሠራ ጠረጴዛ ከ72 እስከ 102 ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። ክብደቱ ከነገበታው 40 ኪሎ አይሞላም፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል።

ከፍታው ለምን አስፈለገ? ሥራ ሁሉ አንድ ከፍታ ስለማይፈልግ። መለኪያው የሠራተኛው ክርን ነው። ጥቃቅን ሥራ፣ እንደ ኤሌክትሮኒክስ ወይም ጌጣ ጌጥ ያለው፣ ከክርን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ዓይንና አንገት ያርፋል። ቀላል መገጣጠም ከክርን ከ5 እስከ 10 ዝቅ ይላል። መዶሻና ሞረድ የሚጠይቅ ከባድ ሥራ ደግሞ ከ20 እስከ 40 ዝቅ ሲል የሰውነት ክብደት ያግዛል። ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ከግንበኝነት የተነሳው አሜሪካዊ ፍራንክ ጊልብሬዝ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ግንበኛ ጡብ ባነሳ ቁጥር መላ ሰውነቱን ጎንበስ ቀና ያደርጋል። ከግንቡ ጋር እኩል ከፍ የሚል መወጣጫ ሠርቶ ጡቡን በግንበኛው እጅ ትክክል አስቀመጠለት። አንድ ጡብ ለመገንባት ይፈጅ የነበረው 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ወረደ፤ በሰዓት 120 ጡብ ይገነባ የነበረው ሰው 350 አደረሰ። ለውጡን ያመጣው የጉልበት ጭማሪ ሳይሆን የጠረጴዛ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል።

የአገጣጠሙ ሕግ አጭር ነው፦ አንድ ክፍል በራሱ ይበየዳል፤ ክፍልና ክፍል ግን በብሎን ይገናኛል። የላይኛው ክፈፍ ተበይዶ ስኳድራው ይረጋገጣል፤ እግሩ ግን በብሎን ይታሰራል። ሁሉም ቢበየድ አይፈታም፤ ሁሉም በብሎን ቢያያዝ ይወዛወዛል። ብሎኑም በመላው ቤት አንድ መጠን ይሁን፤ መፍቻው አንድ እንዲሆን። አንዱ ጋሪ 13፣ ሌላው 17 ቁጥር መፍቻ ከፈለገ ሰው የሚፈታውን ትቶ መፍቻ ይፈልጋል።

ጎማውስ? አራት ጎማ የተገጠመለት ጠረጴዛ ሲመቱት ይሸሻል። ርካሹ መፍትሔ በአንድ ጠርዝ በኩል ባሉት ሁለት እግሮች ላይ፣ ወለሉን ለጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይነካ የሚቀር ሁለት ጎማ መግጠም ነው። ጠረጴዛው ሲቆም በእግሩ ይቆማል፤ ሌላውን ጠርዝ ሲያነሱት በጎማው ይሄዳል። ለዕቃ ጋሪ ግን አራት ጎማ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። ጋሪው ከነጭነቱ 240 ኪሎ ከሆነ ለአንዱ ጎማ 60 ይደርሰዋል ተብሎ ይታሰባል። ወለሉ እኩል ስላልሆነ ግን ሁልጊዜ አንዱ ጎማ በከፊል በአየር ላይ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከሙት ሦስቱ ናቸው። ስለዚህ ለ3 ተካፍሎ 80 ኪሎ የሚችል ጎማ ይገዛል። ለሸካራ ሲሚንቶ ደግሞ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ጎማ በየስንጥቁ ይቀረቀራል፤ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ይሻላል።

የሚገጥመው ቀዳዳ

ጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ፣ ከፍ ዝቅም አለ። ትልቁ ጊዜ የሚባክነው ግን ሥራውን በጠረጴዛው ላይ በመለካትና በማሰር ነው። የዴስክ እግር ለመበየድ አንግሉን ማስተካከል፣ በሞርሳ መያዝ፣ በስኳድራ መፈተሽ፣ ሁሉም ለእያንዳንዱ ዴስክ ከተደገመ ፎርማ መሥራት ግድ ነው። ፎርማ ያለው ወርክሾፕ ብዙ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሳይበይደው የሚጠቀም ግን ጥቂት ነው፤ የተበየደው ፎርማ ትእዛዙ ሲያልቅ በግራይንደር ይቆረጥና ይጣላል። ከስድስት ወር በኋላ ያው ደንበኛ ሲመለስ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

መድኃኒቱ ሁለት ቀዳዳ ነው። በእያንዳንዱ ገበታ ላይ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ባለ 12 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳል፤ እያንዳንዱ ፎርማ ከሥሩ ሁለት ካስማ ይኖረዋል። ካስማዎቹ ቀዳዳው ውስጥ ሲገቡ ፎርማው ያለ ልኬት ቦታውን ያገኛል፤ ከዚያ በብሎን ይታሰራል። ቦታ የሚወስነው ካስማው ነው፤ ብሎኑ የሚሠራው ማጥበቅ ብቻ ነው። እንዲሠራ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ በርዝመቱ ጥቂት ሞላላ ይሁን፤ ሁለቱም ድፍን ክብ ከሆኑ በፀጉር ያህል ስህተት ካስማው አይገባም። ሁለተኛ፣ ቀዳዳዎቹ በሜትሮ እየተለኩ አይበሱ። አንድ ወፍራም ላሜራ በጥንቃቄ ተበስቶ ዋና ፎርማ ይሁንና ጠረጴዛው ሁሉ በእሱ ላይ ይበሳ። በሜትሮ የተለካ በእያንዳንዱ ጊዜ የራሱን ስህተት ይጨምራል፤ ከአንድ ፎርማ የተቀዳ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ቢሳሳት እንኳ አብሮ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ይገጥማል።

ከዚያ ወዲህ ፎርማው የድርጅቱ ሀብት ይሆናል። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ የሥራው ስም ይጻፍበታል። ሌሊት ወይም ማሽኑ በሌላ ሥራ ላይ ሳለ ጋሪ ላይ ከነብሎኑና ከነመፍቻው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሺንጎ የጠየቀው ጥያቄ መልሱን በ12 ሚሊ ቀዳዳ ያገኛል።

ጎማ የማይገባው

ይህን ያነበበ ሰው በማግስቱ ሁሉን ነገር ጎማ ላይ ሊያወጣ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በደንብ የተደራጀ ቤት የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ሳይሆን የማይንቀሳቀሰውንም ቀድሞ ይወስናል።

ቶርኖ፣ ትልቅ ፕሬስና ከባድ መሰርሰሪያ ወለል ላይ ተስተካክለው መታሰር አለባቸው፤ ካልተስተካከሉ ልኩን ይስታሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አደጋም ያደርሳሉ። ብየዳ ከእንጨት ብናኝ፣ ከስፖንጅና ከቀለም ማቅጠኛ መራቅ አለበት፤ የእሳት ብልጭታ የሥራ ቅደም ተከተል አይጠብቅም። የእሳት ማጥፊያው፣ መውጫው በርና ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ከምንም በፊት በወለሉ ላይ ይሰመራሉ፤ ትእዛዝ ቢበዛም አይነኩም። ንፋስ የሚያስፈልገው ቀለም ቅብ በመስኮቱ በኩል ይቀራል። እነዚህ ከተወሰኑ በኋላ የሚቀረው መሃሉ ነው፤ ተለዋዋጩ ዕቃ የሚኖረው እዚያ ነው።

የሚንቀሳቀሰውም ቢሆን ማደሪያ ይፈልጋል። ጋሪ ሁሉ በዘፈቀደ የቆመበት ወለል ተበይዶ ከቆመው ይብሳል። በቀለም የተሰመረ ሳጥን፣ ቁጥር የተጻፈበት ማቆሚያ፣ ሥራው ሲያልቅ ማን ወዴት እንደሚመልሰው የታወቀ ደንብ ያስፈልጋል። ሌላው ጠላት የብሎን መላላት ነው፤ ንዝረት ያላላዋል። በየሳምንቱ አንድ ሰው መፍቻ ይዞ መዞር ሥራው እንዲሆን መደረግ አለበት፤ ካልሆነ በአንድ ወር ውስጥ ሠራተኛው “ይህ ነገር ይወዛወዛል” ብሎ ራሱ ይበይደዋል። አይፈረድበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ልማድ ነው። ብዙ ባለሙያ ጥንካሬን የሚለካው በማይነቃነቅ ነገር ነው፤ የሚፈታ ጠረጴዛ የጨዋታ ይመስለዋል። ይህን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም። አንድ ጠረጴዛና አንድ ፎርማ ሠርቶ ለአንድ ትእዛዝ መሞከር፣ ከዚያ የፈጀውን ሰዓት ከቀድሞው ጋር በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል። ማሻሻያውንም የሚያቀርበው እዚያው የሚሠራው ሰው ይሁን፤ እሱ ያስተካከለውን ጠረጴዛ ራሱ አይበይደውም።

ኪራይ ሲያልቅ

የመጨረሻው ምክንያት ከሁሉም በላይ የገንዘብ ነው። የጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ሼድ ለዘለቄታ የሚሰጥ አይደለም፤ ሐሳቡ ድርጅቱ አድጎ ለሌላ ጀማሪ እንዲለቅ ነው። የግል ቤት የተከራየውም ቢሆን አከራዩ ዋጋ ሲጨምርበት ወይም መንገድ ሲወጣ መነሳቱ አይቀርም። በዚያን ቀን በሲሚንቶ የተቀበረው ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ላይ የተበየደው መደርደሪያ፣ ለዚያ ቤት ልክ የተሠራው ቆጥ ሁሉ ለቀጣዩ ተከራይ ይቀራል፤ ወይም ተቆርጦ በኪሎ ይሸጣል። በብሎን የቆመው ግን ይፈታል፣ በአንድ አይሱዙ ይጫናል፣ አዲሱ ቤት ረጅምም ይሁን ካሬ በ60 በ120 ልክ እንደገና ይሰለፋል። ፎርማዎቹ ከነካስማቸው ስለሚሄዱ ምርቱ በማግስቱ ይቀጥላል። ለሚንቀሳቀስ ድርጅት ይህ ከማሽኑ ቀጥሎ ትልቁ ቋሚ ንብረቱ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ወይም ጋሪ ከመሠራቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። ነገ ሌላ ሥራ ቢመጣ ስንት ሰው፣ በስንት ደቂቃ ያነሳዋል? ልኩና ቀዳዳው በቤቱ ካለው ከሌላው ሁሉ ጋር ይገጥማል? ይህን ቤት ለቀን ስንወጣ አብሮን ይሄዳል? ለሦስቱም መልስ ያጣ ዕቃ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ውድ ነው፤ ለሦስቱም መልስ ያለው ደግሞ ከተራ ቱቦላሬ የተሠራ ቢሆን እንኳ በየትእዛዙ ዋጋውን ይመልሳል።